ከራስ ደም የሚቀዳ እንባ

ከላሊበላ ከተማ ተነሥቶ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው አቅጣጫ ሰባት ኪሎ ሜትር ያህል የሄደ ሰው፣ ገደሉ ወደ ውስጥ ገብቶ በሠራው ዋሻ ሥር የነአኩቶ ለአብን ቤተ ክርስቲያን ያገኛል። ከዋሻው ጣሪያ ውሃ ይንጠባጠባል። ጠብታው የሚያርፈው ከድንጋይ በተፈለፈሉ ያረጁ ገንዳዎች ላይ ነው፤ ምዕመናን ከዚያ እየጨለፉ ይጠጣሉ፣ በሃይላንድ ጠርሙስ እየሞሉም ወደ ቤታቸው ይወስዳሉ። የአካባቢው ትውፊት፣ የንጉሥ ሐርቤ ልጅና የቅዱስ ላሊበላ የወንድም ልጅ የነበረው ንጉሥ ነአኩቶ ለአብ በዚህ ስፍራ የክርስቶስን ሕማም እያሰበ ዘወትር ያለቅስ እንደነበር ይናገራል። ዋሻው የሚያንጠባጥበውም የእርሱን እንባ ነው ይባላል። ኅዳር 3 ቀን በዓሉ ሲከበር ከየአቅጣጫው ከሚመጣው ሕዝብ መካከል ነጠላቸውን እስከ ቅንድባቸው ስበው ከፀሐይ የሚሸሹ፣ በልጅ ልጅ እጅ የሚመሩ፣ የዓይናቸውን ጠርዝ በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ የሚሄዱ ሰዎች አይጠፉም።

በላሊበላ ዙሪያ ባለው በላስታ ደጋ ዓይኑን የሚታመም ሰው ብዙ ነው፤ ሕመሙን የሚናገርበትም ቃል ተቀራራቢ ነው። ይቆረቁረኛል። ያቃጥለኛል። አሸዋ የገባበት ይመስለኛል። ጠዋት ቆቡ ተጣብቆ አልገለጥ ይለኛል። ጭስና ንፋስ አያስጠጋኝም። እንዲህ የሚለው ሰው ሁሉ ግን በሽታው አንድ አይደለም። አንዱን ወደ ውስጥ የተቀለበሰ ሽፋሽፍት ይወጋዋል፣ ሌላውን የምድጃ ጭስ ያስቆጣዋል። ከእነዚህ ጋር ተደባልቆ ብዙ ጊዜ ሳይታወቅ የሚቀረው ደግሞ ዓይኑ የደረቀው ሰው ነው። እንባው ወይ ጠፍቷል፣ ወይም እየፈሰሰም ዓይኑን አያረጥበውም።

ጤነኛ ዓይን ባናለቅስም ቀኑን ሙሉ እንባ እንደለበሰ ይውላል። የልባሱ ውፍረት አንድ ሚሊ ሜትር ለሺህ ቢከፈል የዚያ ሦስት እጅ ያህል ቢሆን ነው። ከሥሩ ውሃውን ከብሌኑ ጋር የሚያጣብቅ ስስ ልጋግ አለ፣ መካከሉ ጨው ያለበት ውሃ ነው፣ ከላይ ደግሞ ውሃው እንዳይተን የሚከላከል ዘይት ተነጥፎበታል። እንጀራ ጋጋሪ ከእያንዳንዱ እንጀራ በፊት ምጣዷን ጎመንዘር ነስንሳ በማሰሻ እንደምታስሰው፣ የዓይን ቆብም በደቂቃ 15 ጊዜ ያህል እየተከደነ ይህን ልባስ ከዳር እስከ ዳር ያድሰዋል። ዳዊት የሚደግሙ አባቶች ዓይናቸውን ከብራናው ሳይነቅሉ ሲቆዩ መርገብገቡ ይቀንሳል፤ ስልኩ ላይ ያፈጠጠው ወጣትም እንዲሁ። ላሊበላ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ የበጋው አየርና ንፋሱ ደረቅ ነው፣ አቧራው ብዙ ነው፣ ማዕድ ቤቱም በጭስ የተሞላ ነው። ደህና ዓይን ይህን ሁሉ ይችለዋል። የእንባ ምንጩ የተጎዳበት ዓይን ግን አይችለውም።

ምንጩን ምን ይጎዳዋል? በአማራ ክልል የዚህ ጥያቄ ትልቁ መልስ ትራኮማ ነው፤ ሕዝቡ የዓይን ማዝ የሚለው። እ.ኤ.አ. በ2005 እና በ2006 በተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት፣ በክልሉ ከ1 እስከ 9 ዓመት ከሆናቸው ሕፃናት መካከል 62.6 በመቶው ንቁ ትራኮማ ተገኝቶባቸው ነበር። የአገሪቱ አማካይ ያኔ 40 በመቶ ገደማ ነበር። እነዚያ ሕፃናት ዛሬ አድገው ጎልማሶች ሆነዋል፣ ብዙዎቹም ራሳቸው ልጆች እያሳደጉ ነው። ከዚያ ወዲህ የክልሉ ጤና ቢሮ ከካርተር ማዕከልና ከሌሎች አጋሮች ጋር ሆኖ ፋይዘር ኩባንያ በነፃ የሚሰጠውን ዚትሮማክስ የተባለ መድኃኒት በየቀበሌው ሲያድል ቆይቷል። በየጤና ጣቢያው የሠለጠኑ ነርሶች የተቀለበሰ ሽፋሽፍት በቀዶ ሕክምና ያስተካክላሉ። ይህ ሥራ ስንቱን ከዕውርነት እንዳዳነ ለመረዳት በወረንጦ ሽፋሽፍታቸውን እየነቀሉ የኖሩ እናቶችን ማየት ይበቃል።

የትራኮማ ጉዳት ግን ከሽፋሽፍቱ ይሰፋል። ሕፃኑ ደጋግሞ በተያዘ ቁጥር የዓይኑ ቆብ የውስጥ ገጽ ይጠባሰሳል። ጠባሳው ልጋጉን የሚሠሩትን ሕዋሶች ያጠፋል፣ በቆቡ ጠርዝ የተደረደሩትን የዘይት ዕጢዎች ይደፍናል፣ ከዋናው የእንባ ዕጢ ውሃውን የሚያወርዱትን ቀጫጭን ቱቦዎችም ሊዘጋ ይችላል። ቀዶ ሕክምናው የሽፋሽፍቱን አቅጣጫ ይመልሳል እንጂ የጠፋውን ዕጢ አያበቅልም። ስለዚህ ታክማ ወደ ቀዬዋ የተመለሰች ሴት «መውጋቱ ቀርቷል፣ መቆርቆሩ ግን አልተወኝም» ብትል ቀዶ ሕክምናው ከሽፏል ማለት አይደለም። ምናልባት ሁለተኛው በሽታዋ ገና ስም አልወጣለትም ይሆናል። ሴት ያልኩት ያለምክንያት አይደለም፤ ሕፃናት ከሚያሳድጉት እናቶችና ታላቅ እኅቶች የማይለየው ይህ በሽታ ሴቶችን ከወንዶች ይልቅ አብዝቶ ይጎዳል።

ትራኮማ ብቻውን አይደለም። ስዊድናዊው የዓይን ሐኪም ሄንሪክ ሾግረን እ.ኤ.አ. በ1933 አብራርተው የጻፉትና ዛሬ በስማቸው የሚጠራው በሽታ፣ የሰውነት መከላከያ የራሱን የእንባና የምራቅ ዕጢዎች እንዲያጠቃ ያደርጋል። የመገጣጠሚያ ሕመም ባለባቸው ሰዎች ላይ አዘውትሮ ይታያል። በመድኃኒት ሳቢያ በሚነሣ ከባድ የቆዳ መላላጥም ዓይን ይደርቃል። የሥጋ ደዌ ፊትን የሚያዝዘውን ነርቭ ሲጎዳ ቆቡ ሳይከደን ያድራል፣ የብሌኑንም ስሜት ያደነዝዘዋል፤ በደሴ አቅራቢያ ያለው የቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ለዘመናት የሥጋ ደዌንም የዓይንንም ሕመምተኛ ሲቀበል የኖረ በመሆኑ ይህን ዝምድና ያውቀዋል። በረሃብ ዘመን ወሎ ያየው ዳፍንትም ከዚሁ ወገን ነው። የቫይታሚን ኤ እጥረት መጀመሪያ ማታ ማየትን ይከለክላል፣ ቀጥሎ ዓይንን ያደርቃል፣ በመጨረሻ ብሌንን ያፈርሳል። የዚህ ፈውሱ ግን ጠብታ አይደለም፤ ሕፃናቱ በዓመት ሁለት ጊዜ የሚሰጣቸው የቫይታሚን ኤ እንክብልና በቂ ምግብ ነው። መንስኤውን ሳይለዩ ሁሉን በአንድ መድኃኒት ማከም አይቻልም።

የደረቀ ዓይን ያነባል መባሉ ሰውን ያደናግራል። ብሌኑ ሲቆስል ነርቮቹ ለእርዳታ ይጣራሉ፣ የእንባ ዕጢውም ያለውን በአንድ ጊዜ ያፈሰዋል። ይህ ግን ዘይቱም ልጋጉም የጎደለው ውሃ ስለሆነ ጉንጭ ላይ ይወርዳል እንጂ ዓይን ላይ አይቆይም። እንዲህ ያለ ሰው «ዓይንህ ደርቋል» ሲባል ባያምን አይፈረድበትም። በሽታው ሲከፋ ደግሞ ይህም ይቆማል፤ በሐዘን እንኳ እንባ አይወጣም። ለቅሶ ትልቅ ማኅበራዊ ግዴታ በሆነበት አገር፣ የወንድሟ ሬሳ ፊት ቆማ ዓይኗ ደርቆ የሚቀር ሴት የምትሸከመውን ማሰብ አይከብድም። ልቧ እየነደደ ጎረቤት ጨካኝ ይላታል። ስለ ዓይን ድርቀት የሚጻፉ የሕክምና ጽሑፎች ይህን ጉዳት ከሕመም ቁጥር ውስጥ ሲያስገቡት አላየሁም፤ መግባት ግን ነበረበት።

ምርመራው ቀላል ነው። ባለሙያው «እማማ፣ ወደ ላይ ይመልከቱ» ብሎ አምስት ሚሊ ሜትር ስፋት ያላት የወረቀት ቁራጭ በታችኛው ቆብ ላይ ያንጠለጥላል፣ አምስት ደቂቃም ይጠብቃል። ዘዴው ጀርመናዊው ኦቶ ሺርመር እ.ኤ.አ. በ1903 ያስተዋወቁት ነው። ወረቀቱ ከአምስት ሚሊ ሜትር በታች ብቻ ከራሰ ድርቀቱ ከባድ ሊሆን ይችላል። ከዚያ ፍሎረሲን የሚባል ቀለም ተጨምሮ በሰማያዊ ብርሃን ሲታይ፣ የተላጠው የብሌን ገጽ አረንጓዴ ነጥብ በነጥብ ሆኖ ይወጣል። ውድ መሣሪያ የሚጠይቅ ነገር የለውም።

ሕክምናው ደረጃ በደረጃ ነው። ሰው ሠራሽ እንባ፣ ሌሊት የሚቀባ ቅባት፣ ዘይቱን የሚያቀልጥ በሙቅ ጨርቅ መተኮስ፣ ከጭስ መራቅ። ጠብታው በቀን ብዙ ጊዜ የሚደረግ ከሆነ፣ እንዳይበላሽ ተብሎ የሚጨመርበት ኬሚካል ራሱ ብሌኑን ስለሚያስቆጣ ያ ኬሚካል የሌለበት ዓይነት ይመረጣል። ቀጥሎ እንባ ወደ አፍንጫ የሚወርድበትን ቀዳዳ በትንሽ ውታፍ መዝጋት አለ፤ ያለችው ጥቂት እንባ ዓይን ላይ እንድትቆይ። እብጠቱን የሚያበርዱ እንደ ሳይክሎስፖሪን ያሉ ጠብታዎችም አሉ። ይህ ሁሉ ተሞክሮ ብሌኑ መቁሰሉን ካላቆመ ነው ከሕመምተኛው ከራሱ ደም የሚዘጋጀው የሴረም ጠብታ የሚነሣው።

የዋሻው ጠበልስ? ጠበል ለሚያምንበት ሰው የእምነቱ ክፍል ነው፤ ማንም ሊነጥቀው አይገባም። አቡነ ጳውሎስ እ.ኤ.አ. በ2007 የኤች አይ ቪ መድኃኒትና ጠበል እንደማይጋጩ ሲናገሩ፣ በእንጦጦ ማርያም ጠበል የነበሩ ብዙ ሕመምተኞች መድኃኒታቸውን ሳይጥሉ እንዲጸበሉ መንገድ ከፍተዋል። ለዓይንም የሚበጀው ያው መንገድ ይመስለኛል። ጠበሉን መጠጣቱ፣ መጠመቁ ይቀጥል። ብሌኑ የቆሰለበት ሰው ግን ያልተመከነ ውሃ፣ ከየትም ይቀዳ ከየት፣ በቀጥታ ዓይኑ ውስጥ ባያንጠባጥብ ይሻላል። ጤነኛ ዓይን የሚያጥበውን ተህዋስ የደረቀ ዓይን ሊያጥበው አይችልም፤ የገባው ጀርም በቁስሉ አልፎ በጥቂት ቀን ብሌኑን ሊያጠፋው ይችላል። ይህን ለሕመምተኛው ለመንገር ከነርስ ይልቅ የንስሐ አባቱ ቃል ቢቀድም የበለጠ ይሰማል።

አሁን ወደ ደሙ። ብሌን የደም ሥር የላትም፤ ብርሃን የሚያልፍባት በመሆኗ ደም ሊዞርባት አይችልም። አብዛኛውን ኦክስጅኗንና ከምግቧ ከፊሉን፣ ቁስሏን የሚጠግኑትንም ፕሮቲኖች ከእንባ ትቀበላለች። እንባ ሲጠፋ ውሃ ብቻ አይደለም የሚጎድላት። ሰው ሠራሽ እንባ ያረጥባታል፤ ሕዋሶቿ እንዲያድጉ የሚያነሣሡትን ፕሮቲኖች፣ ቫይታሚን ኤን፣ ከጀርም የሚከላከሉትን ግን አያመጣላትም። እነዚህ ሁሉ በአንድ ላይ የሚገኙበት ሌላ ፈሳሽ ሴረም ነው፤ ደም ሲረጋ ተለይቶ የሚቀረው ብጫማ ፈሳሽ። እ.ኤ.አ. በ1984 ሮበርት ፎክስና ባልደረቦቻቸው አሜሪካ ውስጥ የሾግረን ሕመምተኞችን ከራሳቸው ደም በተዘጋጀ ጠብታ አክመው ውጤቱን አሳተሙ። ሐሳቡ ለዓመታት ብዙም ሳይሠራበት ቆየ። እ.ኤ.አ. በ1999 ጃፓናዊው ካዙዎ ፁቦታ ከባልደረቦቻቸው ጋር፣ ድርቀቱ ብቻ ሳይሆን አልድን ያለ የብሌን ቁስልም በሴረም እንደሚጠግግ ካሳዩ በኋላ በብዙ አገር ተስፋፋ።

አሠራሩ ከቤተ ሙከራ ጥበብ ይልቅ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ሕመምተኛው አስቀድሞ ለኤች አይ ቪ፣ ለጉበት ቫይረሶችና ለቂጥኝ ይመረመራል። ደሙ እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት በሌለበት ንጹሕ ዕቃ ይቀዳና ሁለት ሰዓት ያህል ቆሞ ይረጋል። ከዚያ በሴንትሪፊዩጅ ለሩብ ሰዓት ገደማ ይሽከረከራል፤ ቀዩ ከታች ይቀራል፣ ብጫማው ከላይ ይንሳፈፋል። ሴረሙ ባክቴሪያ በማያሳልፍ ማጣሪያ ተጣርቶ ብዙውን ጊዜ አንድ እጁ ከአራት እጅ የምኩን ጨው ውሃ ጋር ይደባለቃል። መቅጠኑ የራሱ ምክንያት አለው፤ በሴረም ውስጥ ካሉት ፕሮቲኖች አንዱ ከእንባ በአምስት እጥፍ ገደማ ስለሚበልጥና ሲበዛ የቁስሉን መዳን ስለሚያጓትት ነው። ድብልቁ በትናንሽ ብልቃጦች ተከፋፍሎ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ይቀመጣል፤ እንዲህ ከሦስት እስከ ስድስት ወር ይቆያል። ሥራ ላይ ያለው ብልቃጥ ማቀዝቀዣ ውስጥ ይውልና እንደየተቋሙ ደንብ ከአንድ ቀን እስከ አንድ ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ይጣላል።

ስንት ደም ይፈልጋል? ሰው የሚፈራውን ያህል አይደለም። ከ100 ሚሊ ሊትር ደም ወደ 40 ሚሊ ሊትር ሴረም ይገኛል፤ ሲቀጥን 200 ሚሊ ሊትር ጠብታ ይሆናል። አንድ ጠብታ የአንድ ሚሊ ሊትር ሃያኛ ያህል ናት። በሁለቱም ዓይን በቀን ስምንት ጊዜ የሚያደርግ ሰው አንድ ሚሊ ሊትር አይጨርስም። የሚጣለው ትርፍ ታስቦ እንኳ፣ ለጋሽ በአንድ ጊዜ ከሚሰጠው ደም ሩብ በማይሞላ ብዙ ወር መታከም ይቻላል።

ተስፋውን ማጋነን ግን አይገባም። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመው፣ የሕክምና ጥናቶችን የሚመዝነው የኮክሬን ድርጅት ግምገማ ለመመዘን የበቁ ጥናቶች ሆነው ያገኘው አምስት ብቻ ነበር፤ በሁሉም የተሳተፉት 92 ሰዎች ናቸው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ሕመሙን ከሰው ሠራሽ እንባ ይልቅ ሊያቀልል እንደሚችል አይቷል፣ ከዚያ በኋላ ስላለው ጊዜ ግን የተጨበጠ ማስረጃ አላገኘም። ብሌናቸው ሊቀደድ ደርሶ በሴረም የተረፉ ሕመምተኞችን ያዩ ሐኪሞች ይህን ሕክምና የማይተዉት ልምዳቸውን ይዘው ነው። እኔም ከሁለቱ አንዱን አልጥልም፦ ለቀላል ድርቀት የሚታዘዝ አይደለም፣ ሌላ ሁሉ ያልረዳውን ሰው ግን ማስረጃው እስኪሞላ ጠብቅ ማለት ብሌኑን ማጣት ነው።

አደጋውም ያው ጥቅሙ ከመጣበት ነው። ሴረም ለሕዋስ ምግብ እንደሆነ ሁሉ ለባክቴሪያም ምግብ ነው፤ እንዳይበላሽ የሚከላከል ኬሚካልም የለበትም። ብልቃጡ በሙቀት ካደረ፣ አፉ ጣትን ወይም ሽፋሽፍትን ከነካ፣ መድኃኒቱ መርዝ ይሆናል። ስለዚህ ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው የማይቋረጥ መብራት ነው። ላስታ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። በ2013 ዓ.ም. ክረምት የሰሜኑ ጦርነት ላሊበላ ከደረሰ በኋላ ከተማዋ ለብዙ ወራት ያለ መብራት ኖራለች፤ በዚያ ጊዜ በፍሪዘር የተቀመጠ መድኃኒት ያለው ሰው ቢኖር ኖሮ መድኃኒቱ ከመጀመሪያዎቹ ቀናት በኋላ አይተርፍም ነበር።

በእንግሊዝ አንዳንድ የዓይን ሐኪሞች ይህን ሁሉ የሚዘል መንገድ ሞክረዋል። ሕመምተኛው እጁን ታጥቦ፣ ጣቱን በአልኮል ጠርጎ፣ በምኩን መርፌ ወግቶ የወጣችውን ደም በቀጥታ በታችኛው ቆቡ ላይ ያደርጋል፣ በቀን አራት ጊዜ። ፍሪዘርም ሴንትሪፊዩጅም የለም። የመጀመሪያዎቹ ውጤቶች አበረታች ነበሩ። ለደጋው አገር የተሠራ ቢመስልም ንጹሕ ውሃ ከሩቅ በእንስራ በሚቀዳበት ቤት የእጅ ንጽሕና ራሱ ጥያቄ ነው፤ ያለ ሐኪም ክትትል ማንም ቤቱ ሊሞክረው አይገባም። በጥናት ተደግፎ በሆስፒታል አጠገብ ለሚኖሩ ሕመምተኞች ቢፈተሽ ግን ደስ ይለኛል።

የሴረም ጠብታን ለማዘጋጀት ኢትዮጵያ ከባዶ አትነሣም። የዓይን ባንክ ሥራ በአዲስ አበባ እ.ኤ.አ. በ2003 ሲጀመር ዓላማው ብሌናቸው የጠፋባቸውን ሰዎች በለጋሾች ብሌን ማዳን ነበር። ዛሬ ደምንም የዓይን ብሌንንም የሚያሰባስበው አንድ ተቋም ነው፤ የኢትዮጵያ የደምና ሕብረ ሕዋስ ባንክ አገልግሎት። ደም የሚመረምር ቤተ ሙከራ፣ የሚያሽከረክር ማሽን፣ የሚያቀዘቅዝ ፍሪዘር፣ ስለ ብሌን የሚያውቅ ባለሙያ በአንድ ጣሪያ ሥር አሉት ማለት ነው። በብሪታንያ የሴረም ጠብታን የሚያዘጋጀው የደም አገልግሎቱ ነው፤ ደማቸው ያነሰ ሕመምተኞችም ከጤነኛ ለጋሽ የተወሰደ ሴረም ያገኛሉ። ደም ማነስ በበዛበት አገር ይህ ሁለተኛው መንገድ ትርጉሙ ትልቅ ነው። ብሌን ለሚተክሉትም ጉዳዩ ይመለከታቸዋል፤ በደረቀ ዓይን ላይ የተተከለ ብሌን ብዙ ጊዜ አይጸድቅም፣ የለጋሹም ስጦታ ይባክናል።

ከላስታ የተነሣች ሕመምተኛ ወደ ቦሩ ሜዳ ወይም ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ለመድረስ ቀን የሚፈጅ መንገድ አለባት። አንድ ጊዜ ሄዳ መመርመሯና ደሟን መስጠቷ አይቀርም። በየወሩ መመላለሷ ግን ሊቀር ይችላል። የክትባት መድኃኒት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ እንደተጠበቀ በቀዝቃዛ ሣጥን ተይዞ በእግር መንገድ ሳይቀር እስከ ቀበሌ ጤና ኬላ ይደርሳል፤ ሥራ ላይ ያለ የሴረም ብልቃጥ የሚፈልገውም ያንኑ ቅዝቃዜ ነው። የበረዱት ብልቃጦች በላሊበላ ሆስፒታል ፍሪዘር ተቀምጠው የሳምንቱ ድርሻ በክትባቱ ሣጥን ቢወጣ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ጠብታውን ስታደርስ የብልቃጡን አፍ እንዴት ሳይነኩ እንደሚያንጠባጥቡ በዚያው ልታሳያቸው ትችላለች።